ዱቄት በማኅተም

ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነኝ። ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ሀቢቾ በሚወስደው መንገድ ማለፍ አልቻልኩም፤ ጉዳይ ሲገጥመኝ እንኳ በሌላው በኩል ዞሬ፣ ጭቃውን እስከ ጉልበቴ አቡክቼ እሄዳለሁ። ትክክል መሆን ሰውን ከጭቃ እንደማያወጣው የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይህን ማንበቡን ትቶ ወደ ሥራው ይሂድ። የማያውቅ ግን ይቆይ፤ ነገሩ የፊት ዱቄት ነው።

ሴቶቻችን ዓይናቸውን በኩል፣ እጃቸውን በእንሶስላ፣ ጸጉራቸውን በቅቤ ሲያሳምሩ ኖረዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ዱቄት በበቅሎ ጭነው፣ በአዲሎ በኩል አሳልፈው፣ እዚህ ሆሳዕና ድረስ ያደርሱልን ጀመር። ዱቄቱ ፊት ላይ ይነሰነሳል። ለምን እንደሚነሰነስ ጠይቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። እንደሚገባኝ ከሆነ አንዲት ሴት ዱቄት እንደተቀባች የሚታወቅባት ዱቄት በመቀባቷ ነው።

ይህ ዱቄት በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው በክብ ቆርቆሮ የታሸገ ነው። ክዳኑ ላይ አንገተ ረጅም የሆነች ፈረንጅ ሴት ተሥላለች፤ ወደ ጎን ትመለከታለች፤ ማንን እንደምትመለከት አይታወቅም፤ የሚገዛትን ሰው ግን አይደለም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ «ባለ ሴትዮዋ» ይለዋል። ሁለተኛው ከትልቅ ጣሳ በማንኪያ እየተጨለፈ የሚሰጥ ነው። ይኼኛው ስም የለውም። የዋጋቸው ልዩነት ግን ሴትዮዋ በሕይወት ኖራ ራሷ ቀሚሷን እየሰበሰበች ብትመጣ የሚያስከፍል ዓይነት ነው።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ካሉት ሰዎች ሁሉ ብዙ ያነበብኩ እኔ ነኝ፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ከእኔ ቀጥሎ ብዙ ያነበበው ዘበኛው ነው፣ እሱም ያነበበው ዳዊት ብቻ ነው። ደግሞም ሰው ቀኝ ሲል ግራ ማለት ከልጅነቴ የተጠናወተኝ በሽታ ነው። ሰዎች «ዝናብ መጣ» ካሉ ጃንጥላዬን አጥፋለሁ። ብዙ ጊዜ በስብሻለሁ፤ ሐሳቤን የቀየርኩበት ቀን ግን የለም። እንግዲህ ከተማው በሙሉ ስለ አንዲት የቆርቆሮ ሴት ሲያብድ ባይ ምን ዓይነት ደስታ እንደተሰማኝ ገምቱ። መቃወሚያ ካገኘሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ታላቅ እኅቴ እታለም ብርነሽ ትባላለች። ልጇ ጌታሁን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው፤ ሆሳዕና ተወልዶ ስላደገ ሀዲይኛውን ከባለቤቶቹ እኩል ይናገራል፤ እንዲያውም ሲቆጣ በሀዲይኛ፣ ሲለምን በአማርኛ ነው። ይህ ልጅ ሀቢቾ አጠገብ የሚኖሩትን የአቶ ኤርሲዶን ልጅ አማረችን ወደዳት። አቶ ኤርሲዶ ክርስትና የተነሡ፣ የተከበሩ፣ ነገር የማያበዙ የሀዲያ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ስንልክባቸው አራት ጊዜ መለሱን። በአምስተኛው፣ «ልጁን ወድጄዋለሁ። የምፈራው ንቀት ነው። እናንተ የከተማ ሰዎች ናችሁ፤ ልጄ እንዳትናቅብኝ። የንቀት ነገር ያየሁ ቀን ልጄን መልሼ እወስዳለሁ» አሉ። እኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። «ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን!» ብዬ ደረቴን የመታሁት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ደረቴ ጥሩ ድምፅ ነበረው።

የጥሎሹ ዕቃ ሲገዛ እታለም ቀሚሱንና ካባውን ራሷ ያዘች፤ ጃንጥላና ጫማውን ለሚዜዎቹ ሰጠች፤ ለእኔ የቀረልኝ ዱቄቱ ብቻ ነበር። ምንም ላበላሽ የማልችልበትን ነገር መርጣ የሰጠችኝ መሰላት።

«ባለ ሴትዮዋን ነው የምትገዛው» አለችኝ።

«የምትፈልጉት ዱቄቱን ነው ወይስ ሴትዮዋን?»

«ሁለቱንም።»

«ሴትዮዋ ምን ትሠራለች?»

«ትታያለች። ጥሎሽ ለመታየት ነው። ወንድሜ፣ ለሰርግ ነው የላክሁህ፤ ለጉባኤ አይደለም።»

«ሰው ፊቱ ላይ ቆርቆሮ አይቀባም እኮ፣ እታለም።»

«አንተ ፊት ላይ ቢሆን እቀባው ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሱቁ የዓረቡ የሰዒድ ነው። ሰዒድ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥፋቱ እውነት መናገሩ ነው። ሁለቱን ዱቄት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «ውስጡ አንድ ነው፣ ጌታው፣ ወላሂ! ከአንድ አገር ነው የሚመጣው» አለኝ። አንድ ነጋዴ በራሱ ዕቃ ላይ እንዲህ ሲመሰክር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ነገሩን ማረጋገጥ አለብኝ አልኩ። ከባለ ሴትዮዋ በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ፣ ከጣሳው በግራ እጄ ጀርባ ላይ አስነሰነስኩና፣ እጆቼን እንደ ቄስ ዘርግቼ ወደ ገበያው ወጣሁ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር፦ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ሳልናገር ሦስት ሴቶች እጠይቃለሁ። የመጀመሪያዋ ቅቤ ሻጭ ነበረች።

«እናቴ፣ ከእነዚህ ሁለት እጆች የትኛው ይበልጣል?»

ሴትዮዋ አንዴ እጄን፣ አንዴ ፊቴን አየችና ቅቤዋን ወደ ኋላ ሳበች። «ጌታዬ፣ ታመው ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነብዎ?»

ሁለተኛዋ ሳትመልስልኝ አማተበች። ሦስተኛዋ ወደ ጠበል ብሄድ እንደሚሻለኝ፣ የአጎቷም እጅ እንዲሁ ጀምሮት እንደነበር በደግነት አስረዳችኝ። «አጎትሽ ዳኑ?» አልኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከኋላዬ ሰው ተሰብስቦ ስለነበር ጥናቴን አቋርጬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ግን አስተውሉ፤ ከሦስቱ ሴቶች አንዷም እንኳ «ቀኙ ይበልጣል» አላለችም። ሁለቱም እጆቼ እኩል በሽተኛ መስለዋል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

«ከጣሳው ስጠኝ» አልኩት ሰዒድን፣ እንደ ድል አድራጊ።

«ለሰርግ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ለሰርግ ነው።»

ሰዒድ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ጨለፈልኝ። መጠቅለያ አልቆበት ስለነበር በመሐረቤ ቋጠርኩት።

ቤት ስደርስ ግን በመሐረብ ማቅረብ ለእኔም አልዋጥልህ አለኝ። መሐረቡ ታጥቧል፤ ቢሆንም ታሪክ አለው። ስለዚህ ደህና ወረቀት ፈለግሁ። ከሁለት ወር በፊት የአንድ ትልቅ ሰው በቅሎ ጠፍታ ማስታወቂያ በብዙ ቅጂ ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ማኅተም ተመትቶበት ነበር። ወረቀቶቹ ሳይበተኑ በቅሎዋ በራሷ እግር ተመለሰችና ቅጂዎቹ እኔ ዘንድ ቀሩ። ወፍራም፣ ነጭ፣ ጥሩ ወረቀት ነው። ዱቄቱን በአንዱ አድርጌ እንደ ደብዳቤ አራት ማዕዘን አጣጠፍኩት። ከዚያም፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ፣ እኔ ያ የመጠቅለያ ጠላት፣ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት፤ ማኅተሙ ወደ ውጭ እንዲሆን። ያምራል ብዬ ነው። የማኅተሙ አንበሳ መሐል ላይ ጉብ ብሎ ወጣ። በዕድሜዬ ለመልክ ያደረግሁት ብቸኛ ነገር ይህ ነው፤ የገደለኝም ይኸው ነው።

በጥሎሹ ቀን ጠዋት እታለም በሩጫ መሐል ያዘችኝ። «ገዛህ?»

«ገዝቻለሁ።»

«ባለ ሴትዮዋን?»

«ዱቄቱን ገዝቼ ለታደሰ ሰጥቻለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ ነው።» ታደሰ አንደኛው ሚዜ ነው። እኅቴ የምትጠራጠርበት ጊዜ አልነበራትም። ውሸት አልተናገርኩም፤ እንዲያው ከእውነቱ ላይ ሴትዮዋን ብቻ ነው ያስቀረሁት።

ሀቢቾ ስንደርስ የአቶ ኤርሲዶ ግቢ በእንሰት ታጥሮ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ሰፊ ዳስ ተጥሎ ጠበቀን። ቆጮው፣ አይቡ፣ ሥጋው ተሰናድቷል። አቶ ኤርሲዶ አዲስ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን ተቀበሉ። እንኳን በሽማግሌነት የሄድኩትን እኔን፣ ጭነት የነዱትን ሁሉ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። አማረች ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ነበረች፤ በግርግዳው ቀዳዳ በኩል የሚያብረቀርቁ ብዙ ዓይኖች ይታዩ ነበር፤ አንደኛው ጥንድ የእሷ መሆን አለበት።

ጥሎሽ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ሚዜው ዕቃውን አንድ በአንድ ከሣጥን እያወጣ ከፍ አድርጎ፣ «ይህን አያችሁ?» ይላል። የሴቷ ወገን እያየ፣ «አላየንም!» ይላል። ሚዜው እግር ጣቱ ላይ ቆሞ፣ ክንዱ እስኪዝል ድረስ ያነሣል፤ እነሱም «አሁንም አላየንም!» ይላሉ። ይህ ልማድ ከእኛ ወገን ወደዚያ የሄደ ነው፤ ሀቢቾዎች ግን ከእኛ ተምረው እኛን በልጠውናል። ለቀሚሱ ታደሰን በርጩማ ላይ አወጡት። ለካባው ጀርባውን አዙሮ እንዲያሳይ አደረጉት። ለጃንጥላው፣ «ተዘግቶ ዱላ ነው፤ ክፈተው!» ብለው ዳሱ ውስጥ አስከፈቱት። ጫማውን አንዲት አክስት ተቀብላ ሶሉን በጥፍሯ መታችና፣ «ይሄ ለመሄጃ ነው ወይስ ለመመለሻ?» አለች። ሳቁ፣ እልልታው ደመቀ። እታለም ፊቷ በደስታ በራ።

ከዚያ ታደሰ እጁን ሣጥኑ ውስጥ ከተተና የእኔን ጥቅል አወጣ።

ታደሰ ማንበብ አይችልም። ማኅተም ግን ያውቃል፤ ማኅተም የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ከፍ ሊያደርገው የጀመረውን እጁን መሐል መንገድ ላይ አቆመው። ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህን አያችሁ» ማለት ቀርቶ ድምፁ ተለውጦ፣ «ወረቀት ነው...» አለ። «ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።»

ሳቁ በአንዴ ጠፋ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ በማኅተም ፊት ማንም አይቀመጥም። ቁራሽ በአፉ የያዘው እንኳ ሳይውጠው ቆመ።

እዚህ ላይ የምናገረው ነገር አለ። ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው። አቶ ኤርሲዶን ያወቅኋቸው በሽምግልናው ጊዜ አይደለም። የአባታቸው የእንሰት ቦታ በቀላድ ሲለካ እኩሌታው በሌላ ሰው ስም ተጽፎባቸው፣ ይታረምልኝ ብለው አቤቱታ ካስገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አቤቱታ ተቀባዩ እኔ ነኝ። በየጊዜው ይመጣሉ፤ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ እኔም ከማነበው ነገር ላይ ቀና ሳልል «ነገ ይምጡ» እላቸዋለሁ። ከሀቢቾ ሆሳዕና በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። በሽምግልናው ጊዜም ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አላነሡብኝም፤ ልጃቸውን በጉዳያቸው የሚለውጡ እንዳይመስልባቸው ይመስለኛል።

አሁን እኔ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ በልጃቸው ጥሎሽ መሐል ባለ ማኅተም ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ?

አቶ ኤርሲዶ አዩኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲስቁልኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አውርደው አደገደጉና ወደ ታደሰ መራመድ ጀመሩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አሥር እርምጃ ያህል ነው። አሥር እርምጃ ረጅም ነው፤ «ዱቄት ነው» ለማለት ሁለት እርምጃ ይበቃል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሳል ነው። በአምስተኛው እርምጃ ደግሜ ከፈትኩት፤ ደግሞ ሳልኩ። እታለም ዞር ብላ፣ «ውኃ ስጡት» አለች።

አቶ ኤርሲዶ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ግንባራቸውን አስነኩ። ማኅተሙን ሳሙ። ደግመው ግንባራቸውን አስነኩና ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ፤ በዚያች ቅጽበት ያ አሳምሬ ያጠፍኩት ወረቀት ተከፈተ።

ዱቄቱ በጸጥታ ነው የወረደው። ግንባራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ጢማቸው፣ አዲሱ ጋቢያቸው ነጭ ሆነ። አንድም ሰው አልሳቀም። ማኅተም ፊት አይሳቅም። እሳቸውም ፊታቸውን አልጠረጉም፤ ቀለሙ እንዳይበላሽ መሥሪያ ቤት የሚነሰንሰው ነገር ሳይመስላቸው አልቀረም። ዓይናቸውን ብቻ ገለጥ አድርገው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ጌታዬ፣ ያንብቡልን» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጌታሁን ዞረው፣ «አንተም ለዘመዶቼ በቋንቋችን ንገርልኝ፤ ሁሉም ይስማ» አሉ።

ወረቀቱን ያዝኩ። መሸሽ አሰብኩ፤ ግቢው በእንሰት ታጥሯል። ከራሴ ፈጥሬ ላነብ አሰብኩ፤ «መሬቱ ተመልሷል» ብል እዚያው ይዘፈናል፤ በማግስቱስ? ይህን ያህል ውሸታም አለመሆኔ ሳይሆን ይህን ያህል ደፋር አለመሆኔ አዳነኝ። ስለዚህ ያለውን አነበብኩ።

«አንዲት ዳማ በቅሎ...»

ጌታሁን ልማዱ ነውና ወዲያው ተረጎመ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«...ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ...»

ተረጎመ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«...ከኋላ ሲቀርቧት የምትራገጥ፣ ከፊት ሲቀርቧት የምትናከስ፣ ከነኮርቻዋ ጠፍታለችና ያገኘ ሰው...»

ሦስተኛውን ሲተረጉም ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ በአክብሮት ያዳምጣል። አንድ ሽማግሌ በሀዲይኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኩት ጌታሁንን።

«በቅሎዋ ለአማረች ናት ወይ ይላሉ።»

ሌላው ሽማግሌ ቀጠሉ፤ ይህንንም ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ «ትናከሳለች ተብሏል እኮ፤ አንቀበልም ይላሉ።»

ከቤት ውስጥ፣ ከግርግዳው ኋላ፣ አንዲት ሴት ልጅ ሳቀች። ከዚያ አክስትዮዋ፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ያን ጊዜ አቶ ኤርሲዶ እንደቆሙ አየሁ። አይስቁም። አሁንም አላለቀም ብለው፣ በቅሎዋ መግቢያ ትሆናለች፣ የእሳቸው ጉዳይ ቀጥሎ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ።

«አቶ ኤርሲዶ» አልኩ፤ ሳሉ ጠፍቶልኝ ነበር። «ሌላ የለውም። የፊት ዱቄት ነው። ለአማረች። ወረቀቱ መጠቅለያ ነው።»

ሳቁ ቆመ።

«ባለ ሴትዮዋስ?» አለች እታለም በቀጭን ድምፅ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

እኔም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት፣ «ውስጡ አንድ ነው» አልኳት።

የአቶ ኤርሲዶ ወንድም ወደ ፊት ወጣና በሀዲይኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። እጁ አንዴ ወደ ሣጥኑ፣ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እኔ ይጠቁማል። ሚዜዎቹ ዕቃውን ወደ ሣጥን መመለስ ይኑርባቸው እንደሆን አያውቁም፤ ታደሰ አንድ እግር ጫማ ይዞ ቆሟል። «ምን ይላል?» አልኩት ጌታሁንን። «ጋሼ፣ ይህን አልተረጉመውም» አለኝ። ፊቱንም ወደ ዳሱ ምሰሶ አዞረ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ሳለ ከደረጃ ሲወድቅ እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም።

አቶ ኤርሲዶ ወንድማቸውን በእጃቸው ዝም አሰኙት። ያ ነጭ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ቁጣ ቢሆን እወደው ነበር።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። «ይህ የበቅሎዋ ወረቀት በስንት ቀን ተጽፎ ወጣ?»

በቅሎዋ የጠፋችው ጠዋት ነው። ከምሳ በፊት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ማኅተሙ ተመትቷል። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ እዚያ ማንም አልነበረም።

«የዚያኑ ዕለት» አልኩ።

«የዚያኑ ዕለት» አሉ እሳቸውም። ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው ራሳቸው በሀዲይኛ ደገሙላቸው። ከዚያ፣ «ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ፣ ጌታሁንን እያዩ። «ወረቀቱን ያጠፈው እሱ አይደለም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ፤ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።»

እልልታውን አክስትዮዋ ብቻዋን ጀመረችው። አቶ ኤርሲዶ ለእንግዶቻቸው ሥጋ አቀረቡ፤ እኔንም በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። ፊታቸውን ግን አልታጠቡም። ውኃ ቢያመጡላቸው፣ «እንግዳ ይብላ መጀመሪያ» እያሉ እስከ መጨረሻው እንደ ነጡ ዋሉ። ያን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። አንዳንድ ቀን ገና ያልወረደ ይመስለኛል።

ስንመለስ እታለም መንገዱን በሙሉ አላናገረችኝም። በማግስቱ ሰዒድ ሱቅ ራሷ ሄዳ ባለ ሴትዮዋን ገዛች። ሰዒድ እንደ ልማዱ፣ «እመቤቴ፣ ውስጡ አንድ ነው፣ ወላሂ!» አላት። እሷም፣ «አውቃለሁ፤ ስጠኝ» አለችው። ይህን የነገረኝ ራሱ ሰዒድ ነው። ያን ሁሉ ክርክር ስከራከራት ታውቀው ኖሯል። ቆርቆሮውን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ፣ ሀቢቾ ድረስ ወርዳ፣ ለአማረች በእጇ ሰጠች። ሰርጉም በቀኑ ሆነ። እኔ አሞኝ ቀረሁ፤ ምን እንዳመመኝ ማንም አልጠየቀም።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ገብቼ የአቤቱታውን ሣጥን እስከ ታች ገለበጥኩት። የአቶ ኤርሲዶን አቤቱታ አገኘሁት። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሯል። ቅጠሉ ደርቆ ጠቁሯል፤ የጢስ ሽታ አለው። ቋጠሮው እንደታሰረ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አልፈታሁትም። ያመጡበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ሌሎቹ በነጭ ወረቀት ያቀርባሉ፣ ይሄ ምን የቆጮ ጥቅል ይመስላል ብዬ በሁለት ጣቴ ወደ ጥግ ገፍቼው ነበር።

ፈታሁት። ቃጫው ጠንካራ ነው፤ በጥርሴ ጭምር ነው የፈታሁት። ጣሪያችን ስለሚያፈስ ሣጥኑ ውስጥ የነበሩት ወረቀቶች ግማሾቹ ሻግተዋል፣ ግማሾቹን ምስጥ በልቷቸዋል። ኮባው ውስጥ ያለው ግን ትናንት የተጻፈ ይመስል ነበር። የጸሐፊው እጅ ያምራል። የመሬቱ ወሰን በአራቱም ማዕዘን፣ በዛፉና በወንዙ ስም፣ አንድ ሳይቀር ተዘርዝሯል። አንብቤ ለመጨረስ የፈጀብኝ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ነው።

ይዤው ወደ አለቃዬ ገባሁ። ሌላ ነገር ይጽፉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ነገ አምጣው» አሉኝ።

በማግስቱ ወሰድኩት። በሳልስቱም ወሰድኩት። ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ከዚያ ወዲህ አጥንቻለሁ፤ የሚደረግበት ቦታ የለም። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ወሰኑን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን አቶ ኤርሲዶን ድንገት ፊት ለፊት አገኘኋቸው፤ መሸሻ አልነበረኝም። ቆሙልኝ፤ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ስለ እታለም ጠየቁኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ የአማረች ልጅ ጥርስ ማብቀሉን ነገሩኝ። በየቀኑ ወረቀቱን ይዤ እንደምቆም፣ እንዳልተውኩት፣ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ስለ መሬቱ እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ደህና ይዋሉ፣ ጌታዬ» ብለውኝ ሄዱ።